የሆድ መቀነትና የዳሌ ወለል

የሰው ልጅ ስለ ጤንነቱ ሲያስብ ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው በዓይን ስለሚታየው የሰውነቱ ክፍል ነው። ጥርሱን ይፍቃል፤ ጠጕሩን ያበጥራል፤ ሆዱ ወደ ፊት ሲገፋም ቀበቶውን እያየ ያዝናል። በዓይን የማይታየውን ክፍል ግን እስኪያምመው ድረስ አያስታውሰውም። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንነጋገርበት ያሰብነው ከነዚህ ከማይታዩት አንዱ ነው። ስሙን መጥራት ስለሚያሳፍር እናት ለልጅዋ፥ ሚስት ለባልዋ፥ በሽተኛም ለሐኪሙ ሳይነግረው ይቀራል። እርሱም ከዳሌ አጥንት ሥር ተዘርግቶ የሽንት ፊኛን፥ ማኅፀንንና የዓይነ ምድር መውጫን የሚደግፈው የጡንቻ ወለል ነው።

ይህን ጕዳይ እንድናነሣ ያደረገን በዛሬው ጊዜ በየስፖርት ማዘውተሪያውና በየእጅ ስልኩ ለወለዱ እናቶች የሚሰጠው የምክር ብዛት ነው። አንዱ መካሪ «የዳሌሽን ወለል እያጠበቅሽ ብታላዪ ሆድሽ ይገባል፤ ወገብሽም ይቀጥናል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሆድሽን ብቻ አሠሪ፤ ወለሉ ራሱ ይከተላል» ይላል። አራሷን የሚጠይቁት አሮጊቶችም በበኩላቸው «ወገብሽን በመቀነት አጥብቀሽ እሰሪ» ይላሉ። በነዚህ በሦስቱ መካከል የቆመችው እናት የማንን ትስማ? ምክሩ ሁሉ በበጎ ፈቃድ የተሰጠ ቢሆንም፥ ከበጎ ፈቃድ ይልቅ እውነት የሚጠቅምበት ጊዜ አለና በዚህ ነገር ላይ የተደረገውን ምርመራ ለአንባብያን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ወለሉና ግድግዳው

የአገራችን ሰው የጠፍር አልጋን ያውቃል። ከአልጋው እንጨት እስከ እንጨት የተወጠረው ጠፍር ሲተኙበት ጥቂት ይረግብና ሲነሡ ይመለሳል። ዓመታት ሲያልፉበትና ከባድ ነገር ሲጫንበት ግን እየላላ ይሄድና መካከሉ ይጎደጕዳል። ያን ጊዜ ባለቤቱ አልጋውን አውጥቶ አይጥለውም፤ ጠፍሩን እንደ ገና ይወጥረዋል እንጂ። የዳሌ ወለልም እንደዚሁ ነው። ከፊት ካለው የዳሌ አጥንት ተነሥቶ ከኋላ እስከ ጀርባ አጥንት ጫፍ ድረስ፥ በግራና በቀኝም ከዳሌ አጥንቶች ጋር ተያይዞ የተወጠረ የጡንቻ ጠፍር ነው። በሴቶች ሦስት፥ በወንዶች ደግሞ ሁለት መተላለፊያዎች ያልፉበታል። ሥራውም ሁለት ነው። አንደኛው ከላዩ ያሉትን የውስጥ ክፍሎች መሸከም፥ ሁለተኛውም መተላለፊያዎቹን በተፈለገ ጊዜ መዝጋትና መክፈት ነው።

ከዚህ ወለል በላይ ያለውን ሆድ እንደ ቤት ብንቈጥረው ጣሪያው ድያፍራም የሚባለው የመተንፈሻ ጡንቻ ነው። የኋላው ግድግዳ የጀርባ አጥንትና በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ሲሆኑ፥ የፊቱና የጎኑ ግድግዳ የሆድ ጡንቻዎች ናቸው። የሆድ ጡንቻዎችም አንድ ወጥ አይደሉም። ከቆዳው ሥር መጀመሪያ የሚገኙት ከጎድን እስከ ዳሌ ቀጥ ብለው የሚወርዱት ሁለቱ ናቸው። ተኝቶ የነበረ ሰው ደረቱን ቀና የሚያደርገው በነርሱ ነው። በጎን በኩል ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው በሰያፍ የሚሄዱት አሉ፤ እነርሱም ወገብን ያዞራሉ። ከሁሉ ሥር፥ ወደ ውስጥ በኩል፥ ወገብን ዙሪያውን ይዞ ሆድን የሚያቅፍ ስስ ጡንቻ አለ። ይህ ጡንቻ የአገራችን እናቶች ወገባቸውን እንደሚታጠቁበት መቀነት ስለ ሆነ፥ እኛም ከዚህ በኋላ «መቀነቱ» እያልን እንጠራዋለን።

በዚህ ቤት ውስጥ ዘወትር ግፊት አለ። ሰው ሲስል፥ ሲያስነጥስ፥ ከት ብሎ ሲስቅ ወይም ውኃ የሞላበት ጀሪካን ሲያነሣ ግድግዳው ይጠብቃል፤ በውስጥ ያለውም ግፊት ይጨምራል። ግፊት ደግሞ የላላውን ቦታ እየፈለገ ይሄዳል። ወለሉ በጊዜው ከጠበቀ ምንም ነገር አይሆንም። ወለሉ ከዘገየ ወይም ከደከመ ግን ሽንት በድንገት ያመልጣል፤ ከዚያም ባሰ ጊዜ ማኅፀን ወይም ፊኛ ከቦታው ወደ ታች ይወርዳል። ጤነኛ ሰውነት ይህን ስለሚያውቅ፥ ሳሉ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ወለሉን ያጠብቀዋል። ባለቤቱ ሳያስበው የሚፈጸም ሥራ ነውና የሚታወቀው ሲጐድል ብቻ ነው።

ወለሉን የሚያደክሙት ምክንያቶች ብዙዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ እርግዝናና ወሊድ ናቸው። የሕፃኑ ራስ በሚያልፍበት ጊዜ ይህ ጡንቻ እጅግ ይለጠጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ይቀደዳል። ከዚያ ቀጥሎ የዕድሜ መግፋት፥ ለረጅም ጊዜ የቈየ ሳል፥ የሆድ ድርቀትና ማማጥ፥ የሰውነት ከመጠን በላይ መወፈር፥ እንዲሁም የከባድ ሸክም ልማድ ይገኛሉ። በገጠር ከወለደች ብዙ ሳትቈይ እንስራ አዝላ ወደ ምንጭ የምትወርደውን፥ ማገዶም ተሸክማ ከጫካ የምትመለሰውን እናት ያስታወሰ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ሊቃውንቱ በምርመራ ያገኙት

ወለሉን በልምምድ ማጠንከር ይቻላል የሚለው አሳብ አዲስ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. ማርጋሬት ሞሪስ የምትባል የእንግሊዝ አገር የዳንስና የሰውነት ማጠንከሪያ መምህር ለወላዶች ባዘጋጀችው የልምምድ ትምህርት ውስጥ አንሥታዋለች። ነገሩ በዓለም የታወቀው ግን በ1948 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዓመት አርኖልድ ኬገል የሚባሉ አሜሪካዊ የማኅፀን ሐኪም ከወሊድ በኋላ ሽንት የሚያመልጣቸውን ሴቶች ያለ ቀዶ ጥገና በልምምድ ስለ መርዳት የጻፉትን አሳተሙ። ዶክተር ኬገል ሴቲቱ ጡንቻዋን ስታጠብቅ ኀይሉን በመርፌ የሚያሳይ አንድ መለኪያም ሠርተው ነበር። የማይታየው ጡንቻ በመለኪያ ላይ በመታየቱ ሴቶቹ በየሳምንቱ ምን ያህል እንደ ጠነከሩ ለማየት ቻሉ። ልምምዱ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ አገር በርሳቸው ስም ይጠራል።

በዚያ ዘመን ግን ጥያቄው ስለ ወለሉ ብቻ ነበር። ወለሉ ሲሠራ ግድግዳው ምን ይሆናል? የሚለው በሚገባ የተመረመረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ2001 ዓ.ም. በአውስትራልያ አገር ሩት ሳፕስፎርድና ፖል ሆጅስ ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር በጥቂት ጤነኛ ሴቶች ላይ ምርመራ አደረጉ። እያንዳንዱ ጡንቻ ሲሠራ የሚያወጣውን የኤሌክትሪክ ምልክት በቀጫጭን ሽቦዎች ተከታተሉ። ሴቶቹ የዳሌያቸውን ወለል ሲያጠብቁ የሆድ ጡንቻዎችም ዐብረው መሥራት ጀመሩ። ሴቶቹ ሆዳቸውን ሲያጠብቁ ደግሞ በተራው ወለሉ ተነሣ። በዓመቱ፥ ማለት በ2002 ዓ.ም.፥ በዚያው በአውስትራልያ የተደረገ ሌላ ትንሽ ምርመራ እንዳሳየው፥ በጥልቅ ያሉትን የሆድ ጡንቻዎች ፈጽሞ እንደ ላሉ አድርጎ ወለሉን በሚገባ ማጥበቅ አልተቻለም።

ከዚህ በፊት ብዙ አስተማሪዎች «ወለላችሁን ስታጠብቁ ሆዳችሁ ፈጽሞ እንዳይነቃነቅ» እያሉ ያስተምሩ ነበር። ምርመራው ይህን ትእዛዝ ከባድ ሳይሆን የማይቻል አደረገው። ወለልና መቀነት እንደ ሁለት ጐረቤቶች ሳይሆኑ እንደ አንድ ቤት ልጆች ናቸው። አንዱ ሲጠራ ሌላው ይሰማል። አባቶቻችን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዳሉት፥ ወገብን የሚያጸናው የአንዱ ጡንቻ ብርታት ሳይሆን የሁሉም ኅብረት ነው።

ይህን አንባቢ በራሱ ሰውነት ሊያረጋግጠው ይችላል። በጀርባ ተንጋሎ ጕልበትን ማጠፍ፥ የሁለቱን እጆች ጣቶች ከፊት በኩል ጐላ ብለው ከሚዳሰሱት የዳሌ አጥንቶች ወደ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል አስገብቶ በቀስታ መጫን ነው። ከዚያ የሽንትንና የሆድ አየርን መውጫ ለመከልከል እንደሚደረገው ወለሉን ወደ ውስጥና ወደ ላይ በለሆሳስ ሲስቡት፥ ከጣቶቹ ሥር የመወጠር ስሜት ይሰማል። ያ የመቀነቱ መልስ ነው። ነገር ግን ሆድ በኀይል ወደ ውጭ ቢነፋ ወይም ትንፋሽ ቢታፈን አሠራሩ ተሳስቷል ማለት ነው።

ሆድ ይገባልን?

እንግዲህ «ወለሉ ሲሠራ ሆድም ከሠራ፥ ሆድ ይገባል ማለት ነዋ!» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ጡንቻ መንቃቱ አንድ ነገር ነው፤ መጠንከሩ ሌላ ነገር ነው፤ የሆድ መቀነስ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። ወለሉ ሲጠብቅ መቀነቱ የሚሰጠው መልስ ለዘብ ያለ ነው። የሆድን ግድግዳ ለማወፈርና ለማበርታት ግን ጡንቻው ከለመደው በላይ የሆነ፥ ቀስ በቀስም የሚጨምር የራሱ ሥራ ያስፈልገዋል። ከቆዳው ሥር የተከማቸው ስብም ቢሆን ከበታቹ ያለው ጡንቻ ስለ ተኰማተረ ብቻ አይቀልጥም። እርሱን የሚቀንሰው የምግብ መጠንና የመላው ሰውነት እንቅስቃሴ ነው።

ከዚህም ሌላ፥ የወለደች እናት ሆድ የሚገፋው በስብ ብቻ አይደለም። በእርግዝና ጊዜ ማኅፀን እያደገ ሲሄድ፥ ከፊት ያሉት ሁለቱ ቀጥ ያሉ ጡንቻዎች በመካከላቸው ያለው ነጭ ጅማት እየሳሳና እየሰፋ ሄዶ ግራና ቀኝ ይለያያሉ። ይህ በሽታ ሳይሆን ሆድ ለሕፃኑ ቦታ የሚለቅበት መንገድ ነው። በኖርዌይ አገር በ2016 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ 300 ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። ከወለዱ ከ6 ሳምንት በኋላ ከመቶ 60ዎቹ፥ ከ12 ወር በኋላ ደግሞ ከመቶ 33 ያህሉ የጡንቻ መለያየት ታይቶባቸዋል። ይህም ከእናቶቹ የብዙዎቹ ክፍተት በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ እየጠበበ እንደ ሄደ፥ የአንዳንዶቹ ግን እንደ ቈየ ያስረዳል። መለያየት የታየባቸውም ሴቶች ካልታየባቸው ይልቅ የወገብ ሕመም አልበዛባቸውም።

የወለል ልምምድ ይህን ክፍተት ይዘጋዋልን? በዚያው በኖርዌይ በ2018 ዓ.ም. በታተመ ጥናት የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ 175 ሴቶች በሁለት ወገን ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ለ16 ሳምንት በየሳምንቱ በአስተማሪ፥ በየቀኑም በቤቱ የዳሌ ወለልን በተለይ የሚያሠራ ልምምድ አደረገ። ሁለተኛው ወገን እንዲህ ያለ ትምህርት አልተሰጠውም። በመጨረሻ ሲመረመሩ በሆድ ጡንቻ መለያየት ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። እንዲያውም በአልትራሳውንድ ሲታይ፥ ወለሉ በሚጠብቅበት ቅጽበት ክፍተቱ ጥቂት ሰፋ ይላል፤ ራስን ከትራስ ቀና በማድረግ ጊዜ ግን ይጠብባል። መስፋቱ ለቅጽበት ብቻ ስለ ሆነ ማንንም ሊያስፈራ አይገባውም። ነገር ግን «ይህን ልምምድ ብትሠሪ ሆድሽ ተመልሶ ይገጥማል» የሚለው ተስፋ ምርመራ ያልደገፈው ተስፋ መሆኑን እናቶች እንዲያውቁት ያስፈልጋል።

ይህን ማለታችን ልምምዱን ለማቃለል አይደለም። ልምምዱ የሚነቀፈው ያልተላከበትን ጕዳይ እንዲፈጽም ሲጠየቅ ነው። በተላከበት ጕዳይ ግን ታማኝ አገልጋይ ነው። በ2018 ዓ.ም. የታተመ አንድ ሰፊ ግምገማ በ14 አገሮች በ1,817 ሴቶች ላይ የተደረጉ 31 ጥናቶችን ሰብስቦ መርምሯል። በሳልና በማስነጠስ ጊዜ ሽንት ከሚያመልጣቸው ሴቶች መካከል ልምምዱን ከሠሩት ከመቶ 56ቱ ድነናል ሲሉ፥ ካልሠሩት ግን እንዲህ ያሉት ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ። ያለ መድኃኒት፥ ያለ ቀዶ ጥገና፥ ያለ ገንዘብም በቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር ይህን ያህል ከረዳ፥ የሆድን ቅጥነት አልሰጠም ተብሎ ሊጣል አይገባውም።

ግድግዳውን ብቻ መሥራት

አሁን ደግሞ ወደ ሁለተኛው መካሪ እንሂድ። «ሆድሽን አሠሪ፤ ወለሉ ይከተላል» የሚለው አሳብ ከላይ ከጠቀስነው ምርመራ የመነጨ ስለ ሆነ ፈጽሞ መሠረት የለሽ አይደለም። ሆኖም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ካሪ ቦ የተባሉ የኖርዌይ የፊዚዮቴራፒ ሊቅ ከሁለት የሥራ ጓደኞቻቸው ጋር 20 ሴቶችን በአልትራሳውንድ መረመሩ። ሴቶቹ በመጀመሪያ ወለላቸውን በቀጥታ እንዲያጠብቁ፥ ቀጥሎም መቀነቱን ብቻ እንዲያጠብቁ ተነገራቸው። ወለሉን በቀጥታ ሲያጠብቁ ወደ ላይ የተነሣው ከፍታ እጅግ በለጠ። መቀነቱን ብቻ ባጠበቁ ጊዜ ግን ከመቶ 30ዎቹ ወለላቸው በመነሣት ፈንታ ወደ ታች ወረደ።

ይህ ነገር ብዙ ያስተምረናል። ግድግዳው ሲጠብቅ በቤቱ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ወለሉ ብርቱ ከሆነ ግፊቱን ይመክታል። ወለሉ የደከመ እንደ ሆነ ግን የሆድ ሥራው ራሱ ወደ ታች የሚገፋ ሸክም ይሆንበታል። ስለዚህ ከወለደች ጥቂት ወራት ያለፋት እናት ሆዷን ለማስገባት ስትል ተኝቶ መነሣትን በየቀኑ በብዛት ስትሠራ፥ ሽንት ቢያመልጣት ወይም ከበታች የመክበድ ስሜት ቢሰማት፥ ወይም የሆዷ መካከል እንደ ጕብታ ወደ ላይ ቢወጣ፥ ሰውነቷ «ቀድሞ ወለሉን» እያላት ነው ማለት ነው። ያን ሥራ ለጊዜው ትታ ወለሉን ማጠንከር፥ ከዚያም ወደ ሆዷ ቀስ በቀስ መመለስ ይገባታል።

የአሮጊቶቹ ምክርስ? ለአራስ ወገብን በመቀነት ማሰር ድጋፍና ሙቀት ስለሚሰጥ ብዙ እናቶች ይወዱታል፤ ለዘብ ተደርጎ ቢታሰርም የሚጐዳ ነገር የለውም። ነገር ግን የጨርቅ መቀነት የጡንቻን መቀነት ሥራ ይሠራለታል እንጂ አያጠነክረውም። ትንፋሽ እስኪያጥር ድረስ ሲጠብቅ ደግሞ በሆድ ውስጥ ያለውን ግፊት ወደ ታች፥ ወደ ደከመው ወለል፥ ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ የምንመክረው ልማዱን መተው ሳይሆን በልክ መያዝ ነው።

ልምምዱ እንዴት ይሠራል?

ልምምዱ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙዎች ይሳሳቱታል። በ1991 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመ ጥናት ላይ 47 ሴቶች በቃል ብቻ ከተነገራቸው በኋላ ሲመረመሩ፥ በትክክል የሠሩት ግማሽ ያህሉ ነበሩ። ከአራት አንድ ያህሉ እንዲያውም የሽንት ማምለጥን ሊያብስ በሚችል አኳኋን ወደ ታች ያምጡ ነበር። ስለዚህ የሚቻለው ሁሉ አንድ ጊዜ በሐኪም፥ በአዋላጅ ወይም በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አሠራሩን ቢያስመረምር መልካም ነው። ለማይመቸው ደግሞ ዋናውን ነገር ከዚህ በታች እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ተኝቶ ወይም ደልዳላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰውነትን ማላላት ያስፈልጋል። ቀጥሎም የሆድ አየር እንዳያመልጥ፥ ሽንትም እንዲቋረጥ እንደሚደረገው ሁሉ ወለሉን ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ ነው። በዚህ ጊዜ ጭንን ማጣበቅ፥ መቀመጫን መኰርመትና ትንፋሽን ማፈን አይገባም። የታችኛው ሆድ በቀስታ ወደ ውስጥ ቢሳብ ግን ከላይ እንደ ገለጽነው ተፈጥሯዊ ነውና አይከልክሉት። ከ6 እስከ 8 ሴኮንድ ያህል አጥብቆ ከያዙ በኋላ ፈጽሞ ማላላትና ያንኑ ያህል ማረፍ ነው። ይህን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ደጋግሞ፥ በቀን ሦስት ዙር መሥራት የተለመደው መጠን ነው። ጀማሪ 6 ሴኮንድ ካልቻለ ከ2 ወይም ከ3 ይጀምር። ማላላቱም የልምምዱ ግማሽ ነው፤ ዘወትር ተወጥሮ የሚኖር ጡንቻ እንደ ላላው ሁሉ ደካማ ነውና።

ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ልምምዱን ከኑሮ ጋር ማዛመድ ነው። ለመሳል፥ ለማስነጠስ ወይም ሸክም ለማንሣት ሲሉ ጥቂት ቀደም ብሎ ወለሉን ማጥበቅ ይገባል። በአሜሪካ በሚሺጋን ተደርጎ በ1998 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ፥ ሴቶች ይህን ብልኀት ተምረው በአንድ ሳምንት ውስጥ በሳል ጊዜ የሚያመልጣቸውን ሽንት ሊቀንሱ እንደ ቻሉ አሳይቷል። በሳምንት ውስጥ ጡንቻ አይጠነክርም፤ የተማሩት ጊዜውን መጠበቅ ነበር። ጀሪካኑን ለማንሣት ጐንበስ ስትል ትንፋሽዋን እያስወጣች ወለሏን የምታጠብቅ እናት፥ ወለሏንም መቀነቷንም ባንድ ላይ ታሠራለች። በሁለቱ መካከል ያለውን ዝምድና በኑሮ ላይ ማዋል ማለት ይህ ነው።

ለጡንቻው መጠንከር ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፥ ለውጡ በሚገባ የሚታወቀው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ሽንት እየሸኑ መሃል ላይ እያቋረጡ መለማመድ ግን ፊኛውን በሚገባ ባዶ እንዳይሆን ሊያደርገው ስለሚችል ልማድ ሊሆን አይገባውም። በልምምዱ ጊዜ ሕመም የሚሰማው ሰውም ሥራውን አቁሞ ሐኪም ይጠይቅ። ጕዳዩ የሴቶች ብቻ እንዳይመስለንም፥ የፕሮስቴት ቀዶ ጥገና ለተደረገላቸው ወንዶችም ይኸው ልምምድ እንደሚታዘዝላቸው ማስታወስ እንወዳለን።

ከልምምድ በላይ የሆነው

ልምምድ ሁሉን አይፈውስም። ማኅፀን ወደ ውጭ የወጣባት፥ በሽንቷ ደም የታየባት፥ ወይም ሽንት መሽናት ያቃታት ሴት ጊዜ ሳታጠፋ ወደ ሐኪም መሄድ አለባት። በተለይም ምጥ ለብዙ ጊዜ ከቈየባት በኋላ ሽንቷ ሳል ሳይመጣ፥ ሸክም ሳታነሣ ሌሊትና ቀን ያለማቋረጥ የሚፈስባት ሴት ችግሯ የጡንቻ መድከም ላይሆን ይችላል። ፊስቱላ የሚባለው ቀዳዳ ይሆናልና፥ ይህን ጡንቻ ማጥበቅ አይዘጋውም፤ የሚዘጋው ሐኪም ነው። በዚህ ረገድ አገራችን ዕድለኛ ናት። በ1959 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካተሪን ሐምሊን በ1974 ዓ.ም. ያቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል እንዲህ ያሉትን እናቶች በነጻ ሲያክም ኖሯል። ከቀዶ ጥገናውም ጋር የዳሌን ጡንቻ የማጠንከር ልምምድ ይሰጣል። ይህም ልምምዱ ለሐኪም ረዳት እንጂ ምትክ አለመሆኑን ያሳያል።

ከበሽታው ይልቅ ብዙዎችን የሚጐዳው ዝምታው ነው። ሽንት የሚያመልጣት ሴት ውኃ መጠጣት ትቀንሳለች፤ ከገበያና ከለቅሶ ቤት ትቀራለች፤ ከሰው ጋር ስትስቅ እንኳ ትፈራለች። «ወልጄ ነውና ይህ የእናትነት ዕጣዬ ነው» ብላ ለዓመታት ትኖራለች። ልምምዱ ግን በቀን ከቡና ማፍላት ያነሰ ጊዜ የሚወስድ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው የአበው ቃል እዚህ ላይ በእውነት ይሠራል። እናቶች ለሴት ልጆቻቸው፥ አዋላጆች ለወላዶች፥ ባሎችም ለሚስቶቻቸው ይህን ነገር ያለ ኀፍረት ቢያነሡት ብዙ ሥቃይ ይቀንሳል።

እንግዲህ የነገሩን ፍሬ በአጭሩ እንዲህ ብለን እንደመድማለን። የዳሌን ወለል ማሠራት የሆድን ጥልቅ ጡንቻ ይቀሰቅሰዋል፤ ሆኖም የሆድን ስብ አይቀንስም፤ የተለያየውንም ጡንቻ ይገጥማል ማለት አይቻልም። ሆድን ማሠራትም ወለሉን አንዳንድ ጊዜ ያነሣዋል፤ በደከመ ወለል ላይ ግን ሊጫነው ይችላል። ስለዚህ ቤቱን የሚጠግን ሰው ከወለሉ ይጀምር፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ይለፍ። በመስተዋት ፊት ቆማ ሆዷን እየተመለከተች ለምታዝን እናትም የምንላት ይህ ነው። ሆድሽ ሕፃን ተሸክሞ የኖረ ነውና አትቈጪው። ይልቅስ ማንም የማያየውን፥ አንቺን ግን ቀን ከሌት የሚሸከመውን ወለል አስታውሺ፤ በየቀኑም ከጊዜሽ ጥቂት ስጪው።